የካርፕ ንፍሮ፦ ስለ ማጥመጃ እህል ለጠየቃችሁን

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ካርፕን በእህል ስለ ማጥመድ ናቸው። ካርፕ ለሐይቆቻችን አገር በቀል ዓሣ አይደለም፤ ከውጭ ገብቶ ዛሬ በዝዋይም በቆቃም ተራብቷል። አፉ ዙሪያ ባሉት አራት ጢሞች ጭቃውን እየፈተሸ ከታች የሚለቅም በመሆኑ እህል ይስማማዋል። እህሉ ግን በደንብ የበሰለ ንፍሮ መሆን አለበት።

ደረቅ በቆሎ ቀቅዬ ወሰድኩ፤ አንዳንዱ ፍሬ ድንጋይ ነው፣ ዓሣውም አልነካውም። ምን አጠፋሁ? (ከባቱ)

መዘፍዘፉን አሳጥረውታል ወይም ቶሎ አውጥተውታል። ለ1 ኪሎ በቆሎ 3 ሊትር ውሃ ይጨምሩና 24 ሰዓት ይዘፍዝፉ። በቆሎው ስለሚያብጥ ባልዲውን እስከ አፉ አይሙሉት፤ በማግስቱ ውሃው ከእህሉ በታች ወርዶ ካገኙት ይጨምሩበት። ከዚያ በዚያው ውሃ ይጣዱት፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ጠንካራ ዝርያ ከሆነ እስከ 1 ሰዓት ይቆይ።

ሰዓቱን ከሌላ አገር ጽሑፍ ላይ ወስደው የሚቀቅሉ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። ከፍ ባለ አገር ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ 30 ደቂቃ የሚበቃው እህል እዚህ ይዘገያል። ፕሬሸር ኩከር ያለው ሰው ችግሩን ያቃልላል።

መብሰሉን በዓይን ብቻ አይፍረዱ። አንዱን ፍሬ አውጥተው በአውራ ጣት ጥፍርዎ ይጫኑት፤ ጥፍሩ ሳይታገል መግባት አለበት። ከዚያ ለሁለት ይሰንጥቁት። መሐሉ ላይ ነጭ፣ ደረቅ ዱቄት የሚመስል ነጥብ ካዩ ገና ነው። ሲበስል አያጥልሉት፤ ከነውሃው ተከድኖ ይቀዝቅዝ። 2 ወይም 3 ቀን ሲያድር ውሃው ይደፈርሳል፣ ይወፍራል፣ ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታ ያመጣል። ያን ውሃ የሚደፋ ሰው የተሻለውን ክፍል ጣለ ማለት ነው፤ ሽታው በሐይቁ ውስጥ ዓሣውን የሚጠራው እሱ ነው።

ሳልቀቅል ዘፍዝፌ ብቻ ብበትነው ምን ይሆናል? (ከአዳማ)

እባክዎ አያድርጉት። ካርፕ ጨጓራ የለውም፤ የሚፈጨው ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አንጀት ይገባል። ያልበሰለ እህል እንዳለ ሊያልፍ ይችላል፤ ጨርሶ ያልተዘፈዘፈው ደግሞ ሆድ ውስጥ ያብጣል። በጥራጥሬው ላይ ጉዳቱ ይብሳል፦ በጥሬ ሽምብራ፣ አተርና ቦሎቄ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግዱ ነገሮች አሉ፤ የሚያጠፋቸው ሙቀት ነው። ቦሎቄ በተለይ ሰውንም የሚያስታውክ መርዝ አለውና ዘፍዝፈው ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ በኃይል አፍልተው ይቀቅሉ። ለብ ባለ እሳት ላይ ማቆየት ይህን መርዝ አያጠፋም።

ከበቆሎ፣ ከሽምብራና ከስንዴ የትኛው ይሻላል? ግብጦስ ይሠራል? (ከቢሾፍቱ)

ለመንጠቆ በቆሎና ሽምብራ፣ ለብትን ስንዴ። ስንዴ 12 ሰዓት ዘፍዝፈው ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀቅሉት፤ ቆዳው ሲሰነጠቅ ያውጡት። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ካርፑ ሳይጠግብ ብዙ ጊዜ አጎንብሶ ይለቅማል፤ እርስዎ የሚፈልጉትም ይኼንኑ ነው። ሽምብራ ሌሊቱን አድሮ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ይጨምሩበት። ጣት ላይ የሚፈርስ ሽምብራ ሲወረወር ከክሩ ይበታተናል፤ ለምግብ ከምንወደው ትንሽ ጠንከር ብሎ ይውጣ።

ሦስቱን ማደባለቅም ጥሩ ነው፤ 2 እጅ ስንዴ፣ 1 እጅ በቆሎ፣ ግማሽ እጅ ሽምብራ። አብራችሁ አትቀቅሏቸው፤ አንዱ ሳይበስል ሌላው ገንፎ ይሆናል።

ግብጦ ይሠራል፤ ግን ምሬቱ መርዝ ነው። ሰው ለመብላት እንደሚያዘጋጀው ቀቅለው፣ ከዚያ ለብዙ ቀናት ውሃ እየቀየሩ ምሬቱን ያስወጡ። አንዱን ነክሰው ምላስዎን ከመረረ ወደ ሐይቁ አይግባ። ይህን ሁሉ ድካም ከምትሸከሙ ሽምብራ ያዙ እንላለን።

ቀረሶው በቆሎዬን እየነካካ ያወልቅብኛል፤ ካርፑ ጋ ከመድረሱ በፊት መንጠቆው ባዶ ነው። (ከዝዋይ ዳር)

የሚሰኩትን ፍሬ ያጠንክሩና ያሳድጉ። ሁለት ጠንካራ በቆሎ ወይም ሁለት ሽምብራ ጎን ለጎን ይደርድሩ፤ የቀረሶ አፍ ለትልቁ ነገር ጠባብ ነው። ለመንጠቆ የሚሆነውን እህል ከብትኑ 10 ደቂቃ ቀድመው ከድስቱ ያውጡት። ዳቦና ሊጥ ግን ትንንሾቹን ዓሣዎች ይጠራል፤ ያቁሙት።

በቆሎውን መንጠቆው ላይ ልሰካው ወይስ በክር ላንጠልጥለው? (ከሐዋሳ)

በክር። ካርፕ ምግቡን ይምገዋል፣ ያልወደደውን ደግሞ ይተፋዋል፤ የመንጠቆው ጫፍ በእህሉ ከተሸፈነ ሲተፋ ምንም አይይዘውም። እህሉ ለብቻው በአጭር ክር ሲንጠለጠል ጫፉ ነፃ ሆኖ ከንፈሩን ይይዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የተጠለፈ ክር ይቁረጡ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት ይቋጥሩ። ቀለበቱ ወደ መንጠቆው ጎባጣ በኩል እንዲንጠለጠል ሌላውን ጫፍ ከኋላ በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ። ከዚያ ቀለበት ያለውን ክር ከዘንጉ ጋር አስተኝተው፣ በረጅሙ ክር ሁለቱን አብረው 7 ወይም 8 ጊዜ ጥብቅ አድርገው ይጠቅልሉ፤ ሲጨርሱ የክሩን ጫፍ እንደገና በዚያው በኩል በዓይኑ አሳልፈው ይሳቡ። በክሩ ላይ ሲሰካ ፍሬው ከመንጠቆው ጎባጣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ከዚያ በላይ ከረዘመ ፍሬው ወደ አፍ ገብቶ መንጠቆው ደጅ ይቀራል፤ ካጠረ ደግሞ ጫፉ ይሸፈናል። ፍሬውን ለማሳለፍ ቀጭን የኪሮሽ መርፌ ይበቃል፦ መጀመሪያ ፍሬውን መርፌው ላይ ይሰኩ፣ ቀለበቱን በጫፉ ይያዙ፣ ፍሬውን ወደ ክሩ ያንሸራቱት። ቀለበቱ ውስጥ የደረቀ ሣር ስንጥር ወይም ቁራጭ ፕላስቲክ ይሽጉጡ፣ ፍሬው እንዳይወጣ። መንጠቆው 6 ወይም 8 ቁጥር ይሁን።

ስንት ልበትን? በ5 ኪሎ ጀምሬ ቀኑን ሙሉ ምንም አልያዝኩም። (ከሞጆ)

በዛ። ዓሣው ጠግቦ ሄዷል ወይም ገና አልመጣም፤ ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን የበተኑትን መልሰው ማንሳት አይችሉም። የምግብ ጠረጴዛ በሚያህል ቦታ ላይ 5 ወይም 6 እፍኝ ይበትኑና ይቁሙ። ከዚያ ዓሣ በያዙ ቁጥር፣ ወይም ከ40 ደቂቃ በኋላ፣ 1 እፍኝ ይጨምሩ። ከታች ትንንሽ አረፋ ተከታትሎ ሲወጣና ውሃው ሲደፈርስ እየተመገበ ነውና እጅዎን ይሰብስቡ። ያልተበላ እህል ታች ይበሰብሳል፣ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ቦታውን ለሳምንት ያበላሻል። ቦታ ማለማመድ ከፈለጉ 2 ወይም 3 ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ትንሽ ትንሽ ይስጡ። ዳር ላይ ሲቀመጡ ግን ጉማሬ የሚወጣበትን መንገድ ይተውለት፤ በቆቃ አዞም አለ።

እንግሊዝ ልሄድ ነው። እዚያም እንዲሁ ነው? (ከአዲስ አበባ)

እህሉ አንድ ነው፤ ሕጉ ይለያል። 13 ዓመት የሞላው ሰው የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በወንዞች ላይ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ለዚህ ዓይነት ዓሣ ዝግ ነው። ብዙ የግል ኩሬዎች ኦቾሎኒን ይከለክላሉ፤ ታይገር ነት የሚሉትን የሥር ፍሬም አንዳንዶቹ አይፈቅዱም። የያዙትንም ወደ ውሃው ይመልሳሉ እንጂ ወደ ድስት አይወስዱም፤ ደንቡን ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

የተረፈው በቆሎ ሸተተ። ልጣለው? (ከአዲስ አበባ)

ሽታው እንደ ጠላ ጥንስስ ከሆነ ደህና ነው፤ አረፋና ነጭ ልጋግም አያስደንግጥ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ፀጉር ያበቀለ ፍሬ ካለ ግን ሙሉውን ባልዲ ይጣሉ። በቆሎ ላይ የሚወጣ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያመርት ይችላል፤ ቢያጥቡትም ቢያፈሉትም አይጠፋም። ለዶሮም አይስጡት፣ ሐይቅም ውስጥ አይድፉት፤ ይቅበሩት። ደህናውን በትንንሽ ፌስታል እየከፈሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ካደረጉት ግን ለወራት ይቆያል፤ ሲወጣ ትንሽ ይለሰልሳልና ለመንጠቆ የሚሆነውን አዲስ ይቀቅሉ።