«የካቲት 4» ወይስ «ፌብሩዋሪ 4»? የነፃነት ትግል ፖስተሮች የአማርኛ መግለጫ

ጥያቄ፦ ኦስፓአል የተባለው ድርጅት ሃቫና (ኩባ) ላይ ላሳተማቸው የአፍሪካ ነፃነት ትግል ፖስተሮች የአማርኛ መግለጫ እየጻፍኩ ነው። የአንጎላውን «የካቲት 4፣ የአንጎላ የአጋርነት ቀን» አልኩት። የሞዛምቢክ ታጋዮችን የፖርቱጋልኛ መፈክር «አ ሉታ ኮንቲኑዋ» ደግሞ «ትግሉ ይቀጥል» ብዬዋለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ሦስት ቦታ መታረም አለበት፤ ክፉኛ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ፌብሩዋሪን በደፈናው የካቲት ማለት የተለመደ ቢሆንም ቁጥር ከተከተለው አያስኬድም፤ የካቲት 4 የሚውለው ፌብሩዋሪ 11 ወይም 12 ላይ ነውና። ፖስተሩ የሚዘክረው ታጣቂዎች የሉዋንዳን እስር ቤት ያጠቁበትን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1961 ነው፤ በእኛ ጥር 27 ቀን 1953 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ታዲያ «ጥር 27» ብለን እንለፈው? እሱም አያዋጣም። ፖስተሩ የሚናገረው በየዓመቱ ስለሚታሰብ ዕለት ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግሥት በሚገባው ዓመት ያው ፌብሩዋሪ 4 ጥር 26 ላይ ይውላል። በዚያ ላይ ተመልካቹ ሥዕሉ ላይ 4 እያየ መግለጫው 27 ቢለው ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ርእሱ ላይ «ፌብሩዋሪ 4» ይበሉ፤ ከሥር በሚጽፉት ማብራሪያ የድርጊቱን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱት። በዚሁ መንገድ ሞዛምቢክ ውስጥ የትጥቅ ትግል የተጀመረበት ሴፕቴምበር 25 ቀን 1964 መስከረም 15 ቀን 1957፣ በጊኒ ቢሳው የፒጂጊቲ ወደብ ሠራተኞች የተገደሉበት ኦገስት 3 ቀን 1959 ሐምሌ 27 ቀን 1951 ይሆናል።

«የአንጎላ የአጋርነት ቀን» ሲባል አጋርነቱን የምታሳየው ራሷ አንጎላ ትመስላለች። በአሳታሚው ስም ላይ ግን ይኸው «የ» ቦታውን ይዟል፦ «የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ ሕዝቦች የአጋርነት ድርጅት»። እዚያ አጋርነቱ የሕዝቦቹ የራሳቸው ነው፤ በቀኑ ስም ግን ሌላው ለአንጎላ የሚያሳየው ነው። «ከአንጎላ ጋር የአጋርነት ቀን» ማለት ትርጉሙን ያቃናል፤ ሆኖም «ከ… ጋር» ግስ ወይም ከግስ የወጣ ስም ስለሚፈልግ ጆሮ ላይ ይንጠለጠላል። «አጋርነታችንን የምንገልጽበት ቀን» ደግሞ ለፖስተር ይረዝማል፤ ድርጅቱ እኮ ስፓኒሽ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛውን አንድ ሉህ ላይ ያሰፍር ነበር። እኔ «ከአንጎላ ሕዝብ ጎን የመቆም ቀን» እላለሁ።

መፈክሩ አጭር ጉዳይ ነው። ፖርቱጋልኛው ሐተታ እንጂ ትእዛዝ ወይም ምኞት አይደለም፤ «ትግሉ ይቀጥላል» ይበሉት። «ይቀጥል» የስብሰባ መሪ ፈቃድ የሰጠ ያስመስለዋል። ያ የግስ መልክ የሚያስፈልግዎ «ቪቫ» (ይኑር፣ ትኑር) ሲያጋጥምዎ ነው፤ አገር በሴት አንቀጽ ስለሚሄድ «ነፃ አንጎላ ለዘላለም ትኑር» ይላሉ።