ስለ ሠዓሊ ምርምር፦ ከሕይወት ታሪኩ በፊት አንድ ሥዕል ስጧቸው

መምህር፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችዎ ስለ ታዋቂ ሠዓሊዎች ምርምር ሊሠሩ እንደሆነና ከዊኪፒዲያ ኮፒ ፔስት የሚያወጣቸው ምንጭ እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። ይህን ሥራ ከልጆች ጋር ብዙ ጊዜ ስለሠራሁት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከምንጩ በፊት ስለ ጥያቄው። "ስለ ቫን ጎህ ጽፈህ ና" የተባለ ልጅ ይዞ የሚመጣው ያው የታወቀውን ነው፤ ተወለደ፣ ጆሮውን ቆረጠ፣ ሞተ። በልጁ አይፈረድም። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ አንድ ገጽ ላይ ተሰናድቶ ስለሚገኝ ቅዳኝ ቅዳኝ ይላል። እኔ የምሰጣቸው አንድ ሥዕል ነው። ለምን ይህን ሣለ? በምን ሣለው? ማን አዘዘው? አሁን የት ነው ያለው? እነዚህን ሲያሳድዱ የሠዓሊው ሕይወት በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ለዚህ ደግሞ የትልልቅ ሙዚየሞችን ድረ ገጽ የሚያህል የለም። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ከ375,000 በላይ ምስሎችን ማንም ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ለቋል። በዚያው ድረ ገጽ ላይ ስለ ሥነ ጥበብ ታሪክ አጫጭር ጽሑፎችም አሉ። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም፣ የዋሽንግተኑ ናሽናል ጋለሪና የቺካጎው አርት ኢንስቲትዩትም ብዙ ምስል በነፃ ይሰጣሉ። ለፖስተርም ሆነ ለስላይድ የቅጂ መብት ጣጣ የለበትም። ጉግል አርትስ ኤንድ ካልቸር ላይ ደግሞ ሥዕሉን አጉልተው የብሩሹን ዱካ ማየት ይችላሉ። የእንግሊዙ ቴት ሙዚየም የልጆች ገጽ፣ ቴት ኪድስ፣ ለ6ኛ ክፍል ጥሩ ነው። የ8ኛ ክፍል ልጆች ግን "የሕፃን ነው" ብለው ይንቁታል፤ እነሱን ስማርትሂስትሪ ወደሚባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ድረ ገጽ ይላኩ፣ አጫጭር ቪዲዮዎቹ ሁለት ሰዎች ሥዕሉ ፊት ቆመው ሲያወሩ የመስማት ያህል ናቸው።

የሙዚየም ገጽ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያስነብቡት ከምስሉ ጋር ያለውን መረጃ ይሁን፤ ርዕስ፣ ዓመት፣ የተሠራበት ነገር፣ ልክ። ከእነዚህ ልጆች ዘለው የሚያልፉት ልኩን ነው። በስልክ ስክሪን ሁሉም ሥዕል እኩል ነዋ! እኔ ወረቀት አስቆርጣለሁ። የሳልቫዶር ዳሊ የሚቀልጡ ሰዓቶች ያሉበት የ1931 ሥዕል 24 በ33 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከደብተር ብዙም አይበልጥም። የፒካሶ ጌርኒካ ደግሞ ቁመቱ 3.49፣ ወርዱ 7.77 ሜትር ነው። ሜትር ይዘው ግድግዳው ላይ ሲለኩት የክፍሉ ከፍታ አልበቃ ይላቸዋል። ያኔ አንዱ "ምን ነክቶት ነው ይህን ያህል ያደረገው?" ብሎ ይጠይቃል። ምርምሩ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። መልሱን ሲፈልጉ በ1937 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የስፔን ሪፐብሊክ አዳራሽ እንደተሠራ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጌርኒካ የተባለችው ከተማ በቦምብ እንደተደበደበች ያገኛሉ።

ሠዓሊው በራሱ አፍ ሲናገር መስማት ካስፈለገ የቫን ጎህ ደብዳቤዎች አሉ። የአምስተርዳሙ የቫን ጎህ ሙዚየም ከአጋሮቹ ጋር 902 ደብዳቤዎችን ከእንግሊዝኛ ትርጉምና ከማብራሪያ ጋር በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ታዲያ ልጆቹን ባሕሩ ውስጥ አይልቀቋቸው። ስለመረጡት ሥዕል የሚያወሩ ሁለት ደብዳቤዎች ይምረጡላቸውና እነዚያን ብቻ ያንብቡ። "በሕይወት ሳለ የሸጠው አንድ ሥዕል ብቻ ነው" የሚለውን ወሬም እዚያው ይፈትኑት። በ1882 አጎቱ የሄግ ከተማን የሚያሳዩ 12 ሥዕሎች በገንዘብ አዝዞታል። "እነዚያ በቀለም የተቀቡ ሳይሆኑ በመስመር የተነደፉ ናቸው፣ አይቆጠሩም" የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይከራከሩ፣ የምንፈልገው እሱን ነው።

ሁሉም ቫን ጎህና ዳ ቪንቺ ላይ እንዳይረባረብ ሁለት ስም ልጨምር። ጄኮብ ሎረንስ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያደረጉትን ፍልሰት በ60 ሥዕሎች የተረከ ሰው ነው። በ1941 ሲጨርሰው ዕድሜው 23 ነበር። ከመሣሉ በፊት ሃርለም በተባለው የኒው ዮርክ ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አጥንቷል፤ ምርምር ለሠዓሊም ሥራ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ለእያንዳንዱ ሥዕል መግለጫ ስላለው አንድ ልጅ አንድ ሥዕል መያዝ ይችላል። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ዋሽንግተን በፊሊፕስ ኮሌክሽን፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ፣ በሞማ ናቸው። ሌላዋ አልማ ቶማስ ናት። እሷ እንደኛው መምህር ነበረች፤ በዋሽንግተን የእነዚሁ ልጆች እኩያ ለሆኑ ተማሪዎች ለ35 ዓመታት ሥዕል አስተምራለች። በ1972 ዊትኒ ሙዚየም የብቻዋን ኤግዚቢሽን ሲያሳይላት 80 ዓመቷ ነበር።

ዊኪፒዲያን አልከለክልም፣ ክልከላው ማንንም አያቆምም። ከታች ያሉትን ምንጮች ከፍተው አንዱን እንዲያነቡ ግን አስገድዳለሁ። ምንጮች ሲጋጩም ደስ ይበልዎት። ፍሪዳ ካሎ የተወለደችው በ1907 ነው፤ እሷ ግን 1910 ትል ነበር፣ የሜክሲኮ አብዮት የፈነዳበት ዓመት ነው። ሁለቱን ቁጥር ያገኘ ልጅ "የቱ ነው ትክክል?" ሲል፣ "ለምን እንዲያ ያለች ይመስልሃል?" ብለው መልሱለት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ ሕጌ አጭር ነው። ሠዓሊው ተናገረው የተባለ ነገር ሁሉ የደብዳቤው ቁጥር ወይም የመጽሐፉ ገጽ ይጻፍበት፤ ያልተጻፈበት ይሰረዝ። እነዚህ ማሽኖች ያማረ ጥቅስ ፈጥረው ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው የሚሰጡት። ፒንተረስት ላይ የተገኘ ምስልም የሙዚየሙ ስም ካልተያያዘበት አልቀበልም።

የሠዓሊዎቹን ዝርዝር ከማደልዎ በፊት እያንዳንዱን ስም ራስዎ ፈልገው ይዩት። እርቃን ምስልና ደም የበዛበት ሥዕል ሳይታሰብ ይመጣል፤ በአርቴሚዚያ ጀንቲሌስኪ ሥዕል ላይ ዮዲት አንገት ስትቆርጥ በግልጽ ነው የሚታየው። ስሞቹንም በላቲን ፊደል ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው፣ አለበለዚያ ግማሹ ሰዓት በፊደል ግድፈት ያልቃል። ኢንተርኔት ለሁሉም የማይደርስ ከሆነ ምስሉን ከነመረጃው አትመው ለአራት ለአራት ልጅ አንድ አንድ ይስጡ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለማየት ብቻ ይሁን፣ ስልኩ በሁለተኛው ይውጣ።