«ኤረር 2» ብሎ ለቆመብህ ከርነል፦ ከመጨረሻው መስመር አትጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ የራስህን ሲስተም ኮል (ፕሮግራሞች ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቁበት መንገድ) ጨምረህ የሊኑክስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ኮምፓይል ስታደርግ፣ ማለትም ከኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ስትለውጥ፣ ሦስት ቀን ለፍተህ፣ ተርሚናሉ «ሜክ፦ ኤረር 2» ብሎ እንደሚቆምብህ ጽፈሃል። ላፕቶፕህ 8 ጊጋ ራም አለው። የምትሠራው በኡቡንቱ ነው። ኮዱን ያወረድከው ከከርነል ዶት ኦርግ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ?» ብለሃል።

እባክህ ፎርማት እንዳታደርግ። እኔ በዚሁ ሥራ ምክንያት የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለት ምዕራፍ አጥቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ።

1. «ኤረር 2» ስህተቱ ራሱ አይደለም። ከርነሉን የሚገነባው ሜክ የሚባለው ፕሮግራም አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ ነው የሚሠራው። ታች ያለው ሲወድቅ ለበላዩ ይነግራል፣ እሱም ለበላዩ። አንተ የምታየው የመጨረሻውን ወሬ ነው። እውነተኛው ምክንያት ከዚያ በላይ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት መቶ መስመር ይርቃል። ምክንያቱም «-ጄ8» ብለህ፣ ማለትም ስምንት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ አድርገህ፣ ስታስነሳው አንዱ ሥራ ወድቆም ሌሎቹ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አያቆሙም፤ ጽሑፋቸው ስህተቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ያንኑ ትእዛዝ ያለ «-ጄ» ድገመው። አትፍራ፣ ከዜሮ አይጀምርም። የተሠራው እንደተሠራ ነው፤ ያልተሠራውን ብቻ እየሠራ ወደ ወደቀው ፋይል ይሄድና እዚያው ይቆማል። ያኔ ስህተቱን ከነምክንያቱ ታየዋለህ። የሚወጣውን ሁሉ በ«ቲ» ትእዛዝ ፋይል ላይ አስቀምጠው። ከላይ ወደ ታች አንብብ፤ መጀመሪያ የምታገኛትን ስህተት ብቻ ያዝ። የቀሩት የእሷ ልጆች ናቸው።

2. ያንተ ችግር ምን እንደሆነ ግን ከወዲሁ የማውቅ ይመስለኛል። ኮንፊጉን (ከርነሉ ምን ምን ይዞ እንደሚገነባ የሚናገረውን ፋይል) ሲስተሙ የሚነሳበት ከርነል ከሚቀመጥበት ከ«ቡት» ፎልደር ውስጥ ገልብጠሃል አይደል? ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ መምህሮቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ያ ኮንፊግ የተዘጋጀው ግን ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት ካኖኒካል ለራሱ ግንባታ ነው። ውስጡ «ሲስተም_ትረስትድ_ኪይስ» የሚል መስመር አለ፤ «ዴቢያን» በሚባል ፎልደር ውስጥ ያለ የካኖኒካልን የሰርተፊኬት ፋይል ይፈልጋል። አንተ ባወረድከው ኮድ ውስጥ ያ ፎልደር የለም። ግንባታው ደህና ሲሄድ ቆይቶ «ሰርትስ» የሚባለው ፎልደር ላይ ሲደርስ «ይህን ፋይል የምሠራበት ሕግ የለኝም» ብሎ ይቆማል። ኮዱን ስትፈትሽ ብትውል አታገኘውም፣ ስህተቱ ያንተ ኮድ ውስጥ ስላልሆነ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የራሴን ሃያ መስመር ሲ ስፈትሽ ነበር። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ «ስክሪፕትስ/ኮንፊግ --ዲሴብል ሲስተም_ትረስትድ_ኪይስ»። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ትእዛዝ ለ«ሲስተም_ሪቮኬሽን_ኪይስ» ድገመው። ሁለት ናቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ብቻ አጥፍቶ ያው ስህተት የተመለሰበት ይመስለዋል።

3. ለግንባታው የሚያስፈልጉት ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ቢሲ፣ የሊብኤልፍ እና የኦፕንኤስኤስኤል ዴቭ ፓኬጆች ይኑሩህ። ይህን ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም።

4. ዲስክህን እይ። የኡቡንቱ ኮንፊግ የዲባግ መረጃን (ስህተት ለመፈለጊያ የሚጨመረውን) ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። በዚያው ከተውከው የግንባታው ፎልደር ከ20 ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል። ከ5.18 ወዲህ ባሉት ከርነሎች «ዲባግ_ኢንፎ_ነን» የሚለውን መምረጥ ነው። ይህን ካደረግክ ፓሆል የሚባለው ፕሮግራም የለም ብሎ የሚቆመውም አብሮ ይቀርልሃል። «ኪልድ» የሚል ቃል ካየህ ደግሞ ኮምፓይለሩ አልተበላሸም፤ ራም አልቆ ሲስተሙ ራሱ ገድሎት ነው። «-ጄ8»ን ወደ «-ጄ2» አውርደው። ይዘገያል እንጂ ይጨርሳል።

መብራትንም አትርሳ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪው ሞቶ ስለነበር መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይጠፋ ነበር። መብራት ሲመጣ ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ሲጻፉ የነበሩት «ነጥብ ኦ» ፋይሎች (የእያንዳንዱ ኮድ ፋይል የኮምፓይል ውጤት) ባዶ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። ሜክ ፋይሉ ስላለ የተሠራ ይመስለዋል። ሰዓታት ቆይቶ ሊንክ ሲያደርግ፣ ማለትም ሁሉን ሲያገጣጥም፣ «የፋይሉ ዓይነት አይታወቅም» ይላል። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ፈልገህ አጥፋቸውና ድገመው። ሁሉን አጥፍቶ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። እኔ ሁለት ጊዜ ሁሉንም አጥፍቼ ጀምሬአለሁ፤ በየጊዜው ስድስት ስድስት ሰዓት።

5. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮምፓይሉ ካለቀ በኋላ ያለውን ነው በጣም እንድትጠነቀቅበት የምፈልገው። የኔ ጉዳት የመጣው ከዚያ ነው።

ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ፣ ከርነሉ አለቀ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሞጁሎቹን (ከርነሉ ሲያስፈልገው የሚጭናቸውን ክፍሎች) አስገባሁ፣ «ሜክ ኢንስቶል» አልኩ። «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» አለኝ። ዲስኬ ላይ 60 ጊጋ ባዶ አለ! ለካ የሞላው «ቡት» ነው። ዲስኬን ኢንክሪፕት አድርጌ ስለጫንኩ «ቡት» የራሱ ትንሽ ፓርቲሽን ነበረው፣ 500 ሜጋ የማይሞላ። ሞጁሎቹ ደግሞ ከነዲባግ መረጃቸው ስለገቡ፣ ከነሱ የሚሠራው ኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ ሲነሳ ዋናውን ዲስክ እስኪከፍት የሚጠቀምበት ፋይል) ብቻውን ፓርቲሽኑን ሊሞላው ደረሰ። ሞጁሎቹን ሳስገባ «ኢንስቶል_ሞድ_ስትሪፕ=1» ብጨምር ኖሮ በብዙ እጥፍ ይቀንስ ነበር። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንተ አሁን አውቀሃል።

እኔ ምን አደረግኩ? ቦታ ለማስለቀቅ አሮጌውን ከርነል አጠፋሁት። የሚሠራውን! ኡቡንቱ ራሱ አስጠንቅቆኛል። «እየሠራህበት ያለኸውን ከርነል እያጠፋህ ነው፣ ላቁመው?» የሚል ሰማያዊ ሳጥን ወጣ። «አይ፣ አታቁም» አልኩት። እንቅልፍ ይዞኛል፣ ከርነሌ አልቋል፣ ቸኩያለሁ። ከዚያ ግረብን (ላፕቶፑ ሲነሳ ከርነሉን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አድሼ ሪስታርት አደረግኩ። ኢኒትራምኤፍኤሱን ግን መልሼ አልሠራሁትም። ያ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎ ፋይሉ ጭራሽ እንዳልነበረ አላስተዋልኩም። ተርሚናሉ ከላይ ጽፎት ነበር፤ እኔ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነበር ያየሁት።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ከዚያ «ከርነል ፓኒክ» አለ፤ ከርነሉ መቀጠል አቅቶት ቆመ ማለት ነው። «ሩት ፋይል ሲስተሙን ማውንት ማድረግ አልቻልኩም፣ አንኖውን ብሎክ ዜሮ ኮማ ዜሮ»። ይህን ካየህ እወቀው፦ ዜሮ ኮማ ዜሮ ማለት ከርነሉ ዲስኩን ጨርሶ አላየውም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኢኒትራምኤፍኤሱ የለም ማለት ነው። ዲስኩ ደህና ነው፣ ፋይሎችህ እንዳሉ ናቸው። አሮጌው ከርነል ቢኖርህ ሲነሳ ሺፍትን ወይም ኤስኬፕን ይዘህ የግረብን ሜኑ ታወጣና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ እሱን መርጠህ ትገባለህ። የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። ባይኖርህም በኡቡንቱ ፍላሽ ተነስተህ፣ ዲስክህን ከፍተህ፣ በ«ሲኤችሩት» ትእዛዝ ወደ ተጫነው ሲስተም ገብተህ ከርነሉን እንደገና መጫን ትችላለህ። ግማሽ ሰዓት።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በማግስቱ ላፕቶፑን ይዤ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ስክሪኑን አንድ ጊዜ አየና «ሀርድ ዲስኩ ሞቷል» አለኝ። «አልሞተም፣ ከርነል ስቀይር ነው፣ ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ» ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «አንተ ነህ እኔ ነኝ ባለሙያው?» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ነገ ና ተባልኩ። ስመለስ ዊንዶውስ ተጭኖበታል። ፎርማት ተደርጓል። ሞቷል ያለው ዲስክ ላይ ነው የጫነው! ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ «ኮፒ መያዝ ነበረብህ» አለና 1,500 ብር ተቀበለኝ። ያ ብር የወር ወጪዬ ነበር። ዲስኩ ኢንክሪፕትድ ስለነበር በኋላ በሪከቨሪ ፕሮግራም ያገኘሁት አንዳች ነገር የለም። ሁለት ምዕራፍ ሄደ።

ኮፒ መያዝ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን አንድ ባለሙያ ሰው እየነገረው አልሰማም ሲል፣ ሳይጠይቅ ፎርማት ሲያደርግ፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ይህን ያልኩት አንተም እዚያ በር ላይ እንዳትቆም ነው። ከርነል ፓኒክ የጥገና ቤት ሥራ አይደለም፤ በራስህ እጅ የሚፈታ ነገር ነው።

ሁለተኛውን ጊዜ እንዴት እንደሠራሁት ልንገርህ። ላፕቶፔን አልነካሁም። ቨርችዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ውስጥ ኡቡንቱ ጫንኩ፣ 40 ጊጋ ዲስክ ሰጠሁት፣ ምንም ከመጀመሬ በፊት ስናፕሾት (ወደዚያው ሁኔታ የሚመልስ ቅጂ) ያዝኩ። ከዚያ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የሚለውን ተጠቀምኩ። ይህ አሁን እየሠሩ ያሉትን ሞጁሎች ብቻ አይቶ ሌሎቹን ይተዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ሞጁሎች ወደ መቶ ገደማ ወረዱ፤ ስድስት ሰዓት የነበረው ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ትእዛዙን ስትሰጥ ያልተሰካ ዕቃ ይረሳል። ፍላሽ የምትጠቀም ከሆነ ያኔ ሰክተህ ቆይ። የሲስተም ኮል ፎልደርህን የምታስመዘግብበት ቦታም ተቀይሯል። የድሮ መመሪያዎች ዋናው ሜክፋይል ውስጥ «ኮር-ዋይ» ላይ ጨምር ይላሉ፤ በአዲሶቹ ከርነሎች ግን «ኬቢልድ» የሚባለው ፋይል ውስጥ «ኦብጅ-ዋይ» ላይ ነው የምትጨምረው።

«ሜክ ቢንዴብ-ፒኬጂ» ብለህ ከገነባህ ከርነሉ እንደ ማንኛውም ፓኬጅ ሆኖ ይወጣል። መጫኑም ማጥፋቱም ቀላል ነው፤ ሞጁሎቹን መበተን የለም። በቀጥታ ላፕቶፕህ ላይ የምትጭነው ከሆነ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ገብተህ ሴኪዩር ቡትን ዝጋው፤ አንተ የሠራኸው ከርነል ፊርማ ስለሌለው አያስነሳልህም።

ኮንፊጉ ውስጥ «ሎካልቨርዥን» በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝና የእናቴን ስም ጻፍኩ። ሲነሳ የከርነሉን ስሪት የሚያሳየውን «ዩኔም -አር» አልኩት። የከርነሉ ቁጥር፣ ሰረዝ፣ የእናቴ ስም። ከዚያ የሙከራ ፕሮግራሜን አስነሳሁ፣ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን «ዲሜሴጅ» ከፈትኩ፣ የኔ ሲስተም ኮል የጻፈው መስመር እዚያ ነበር። ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ምን እንደሆነ ባታውቅም ስሟን አየች። ያን ሴሚስተር ከክፍላችን ከርነሉን እስከ ቡት ያደረስነው ሁለት ልጆች ብቻ ነበርን። ይህን ስናገር እኮራለሁ፤ ለፍቼበታለሁ።

አሁን አንተ፦ መጀመሪያ ፕሮጀክትህን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ከዚያ ሁለቱን የሰርተፊኬት መስመሮች አጥፋና ያለ «-ጄ» ድገመው። አሁንም ከቆመ፣ ከላይ መጀመሪያ ያገኘሃትን ስህተት በዙሪያዋ ካሉት አሥር መስመሮች ጋር ላክልኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አለሁ። አሮጌውን ከርነል ግን እንዳትነካው።