ባለ ሁለት ክፋይ ቫልቭና ጥርስ ማስነቀል

ወንድሜ፣ «የአኦርታ ቫልቬ (ደም ከልብ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ፣ ወደ አኦርታ፣ ሲወጣ የሚከፈተውና የሚዘጋው በር) ባለ ሁለት ክፋይ ነው ተባልኩ፤ መንጋጋ ጥርሴን ከማስነቀሌ በፊት አንቲባዮቲክ ልውሰድ ወይ?» ላልከው፦ በዚህ ብቻ አያስፈልግህም፤ ለጥርስ ሐኪሙ ግን ንገረው። አንቲባዮቲኩ (2 ግራም አሞክሲሲሊን) ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚሰጠው በዋናነት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸውና የቫልቭ ኢንፌክሽን ይዟቸው ለሚያውቅ ነው።

ቫልቩ በተለመደው ሦስት ክፋይ አለው፤ ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2ቱ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተጣብቀው ይፈጠራሉ። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ አከፋፈቱ የዓሣ አፍ ይመስላል። ጫና ስለሚበዛበት በዓመታት ውስጥ ካልሲየም ይጋገርበትና ይጠብባል፤ አንዳንዴም ያፈሳል። አደራ፣ ከቫልቩ በላይ ያለው የአኦርታ ግንድም ሊሰፋ ስለሚችል ስፋቱን በሚሊሜትር ሐኪሞቹ ይጻፉልህ። ወላጆችህ፣ ልጆችህና ወንድም እህቶችህም ኢኮ ይታዩ። የተበላ ጥርስና የሚደማ ድድ በመቦረሽ ጊዜ እንኳ ቫልቩን ሊያጠቃ የሚችል ባክቴሪያ ወደ ደም ያስገባሉና ቶሎ ታከማቸው።