ቀሚስ ከጥበቡ ይጀመራል

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስም ዳንግላም ቢቸናም የሐበሻ ቀሚስ ቤቱ የሚሰፋ ወጣት እየበዛ ነው። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በስፌት መኪና ላይ ስለፈጀሁ፣ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት የምላችሁ አለኝ።

በ1950ዎቹ ባሕር ዳር ላይ የተተከለው ፋብሪካ የሚያወጣውን ዓይነት ጨርቅ ከፈለጋችሁበት ጀምራችሁ መቅደድ ትችላላችሁ፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ሸማ ግን እንደዚያ አይደለም። ሸማኔው መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያቀባብል ወርዱ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ቀሚሱ ከተለያዩ ቁራጮች ይገጣጠማል፤ ጥበቡም እዚያው መጋጠሚያ ላይ ይፈተናል።

አስቀድሞ ውሃ ይንካው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ ኋላ ያጥራል። የጥበቡ ቀለም እንዳይለቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ከጀርባው አሸት አድርጋችሁ እዩት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጥላ ላይ አስጡት።

አሁን ወደ ጥበቡ። ብዙዎቻችሁ ከትከሻ ጀምራችሁ ወደ ታች ትሰፋላችሁ፤ ታች ስትደርሱ የአንዱ ጎን ጥበብ ከሌላው ከፍ ብሎ ይገኛል። ከታች ጀምሩ። ሁለቱን ቁራጮች ፊትና ፊት አጋጥማችሁ የጥበቡን የታች መስመር ከታች መስመር፣ የላዩን ከላዩ ጋር በስፒል ያዙ፤ መጋጠሚያው ላይ ለሁለት የተከፈለ መስቀል ካለ፣ ሲሰፋ አንድ መስቀል መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ላይ ስፉ። በእጅ የተመታ ጨርቅ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ትንሽ ቢረዝም አይግረማችሁ፤ ትርፉ ወገብ ላይ ይውጣ። የወገብ ጉድለት በመቀነት ይሸፈናል፤ የታቹን ግን ጥምቀት ላይ ታቦት የሚያጅብ ሁሉ ያየዋል። ቁመት ማሳጠር ካስፈለገም ከላይ ነው እንጂ ጥበቡ በመቀስ አይነካም።

ሸማ ይተረተራል፤ ለስፌት 2 ሴንቲ ሜትር ተዉለት፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ዝመዝሙት። መርፌው ቁጥር 80 ወይም ከዚያ የቀጠነ ይሁን። ሳሳ ያለውን ጨርቅ መኪናው ከዋጠባችሁ ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ ስፉና ኋላ ወረቀቱን ቅደዱ። የደረቱን ጥልፍ ደግሞ አንገቱ ሳይቆረጥ ጥለፉት፤ ከተቆረጠ በኋላ ይለጠጣል።

ገበያው ጥበብ መስሎ በታተመ ፖሊስተር ተሞልቷል። ኪሱ የማይችለውን ሰው አልወቅስም። ግን ላብ አይመጥም፣ የፈታይዋንና የሸማኔውንም እንጀራ ይነካል፤ እኔ አልመክራችሁም። ለመለማመጃ አቡጀዲ ግዙ፣ ቅዱ፣ ስፉ፣ ፍቱ፤ እጃችሁ ሲፈታ ወደ ሸማው ትመጣላችሁ።

ሸማኔውን ስታነጋግሩ የቁመታችሁንና የቀሚሱን የታች ዙሪያ ልክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥበቡን በዚያ ልክ ያወጣላችኋል። ለጥር 11 የምታስቡ ከሆነ ኅዳር ሳይገባ ተነጋገሩ። ከገና ወዲያ ትእዛዝ ስለሚደራረብበት የምታገኙት ለሌላ ሰው ልክ የተሠራውን ነው።