በማዛቾ «ሥላሴ» ላይ መንፈስ ቅዱስ የት አለ?

እህቴ፣ «ጣሊያናዊው ሠዓሊ ማዛቾ ፍሎረንስ ከተማ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሣለው ሥላሴ አብና ወልድ ብቻ ይታዩኛል። መንፈስ ቅዱስስ? ከሥር የተጋደመው አፅምስ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

መንፈስ ቅዱስ አለ። ከአብ ጢም ወደ ወልድ ራስ ስትወርጂ ነጭ ኮሌታ የሚመስለው ነገር ክንፏን ዘርግታ ወደ ታች የምትበር ርግብ ናት። በስልክ ላይ ትንሽ ስለምትሆን አጉልተሽ እያት። የኛ ሠዓሊዎች ሦስቱን አካላት አንድ መልክ ያላቸው ሽማግሌዎች አድርገው ስለሚሥሉ ዓይናችን ሦስት ፊት ይፈልጋል፤ እዚህ ግን አብ ከኋላ ቆሞ የልጁን መስቀል በሁለት እጁ ደግፏል።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባትሽ በፊት መስመሮቹን ፈትሺ። ሥዕሉን አሳትመሽ፣ ከሥላሴ በላይ በተሣለው ቅስት ጣሪያ ላይ ወደ ውስጥ የሚሄዱትን መስመሮች በማስመሪያ ወደ ታች ቀጥዪ። መስቀሉ ግርጌ አካባቢ ይገናኛሉ፤ ይህም ወለሉ ላይ የቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ነው። ስለዚህ ሥላሴን ቀና ብለሽ፣ አፅሙን ዝቅ ብለሽ ታያለሽ። ጣሪያው ከታች እንደሚታይ ሆኖ ሲሣል አብ ግን ፊት ለፊት ነው የተሣለው። እኔ ይህን ስህተት አልለውም፤ አብ ለሰው እይታ ሕግ እንደማይገዛ ያሳየበት ይመስለኛል።

ቀለሙንም ልብ በዪ። እመቤታችን ሰማያዊ፣ ዮሐንስ ቀይ ለብሰዋል። ከእነሱ በታች ከዓምዶቹ ውጭ የተንበረከኩት ሥዕሉን ያሠሩት ባልና ሚስት ደግሞ በተቃራኒው ናቸው፦ በእመቤታችን በኩል ያለው ባል ቀይ፣ በዮሐንስ በኩል ያለችው ሚስት ጠቆር ያለ ሰማያዊ። አሠሪዎችን ከቅዱሳን አሳንሶ መሣል በተለመደበት ዘመን እነዚህ ቁመታቸው እኩል ነው። ወደ እኛ የምታየው እመቤታችን ብቻ ናት፤ በእጇም ልጇን ታመለክታለች።

ከአፅሙ በላይ «እናንተ የሆናችሁትን እኔም ነበርኩ፤ እኔ የሆንኩትንም እናንተ ትሆናላችሁ» የሚል ጽሑፍ አለ። የአዳም አፅም ነው የሚሉ አሉ፤ በኛም የስቅለት ሥዕል ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል ስለሚሣል ሐሳቡ አይከብደንም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ሥዕሉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1427 ገደማ ሲሆን በ1570 አካባቢ ሠዓሊና አርክቴክት የነበረው ቫዛሪ መሠዊያ አቁሞ ሸፈነው። በ1860 አካባቢ የላይኛው ክፍል ተገኝቶ ወደ ሌላ ግድግዳ ተወሰደ፤ አፅሙ ግን እስከ 1952 ድረስ ተሸፍኖ ቆይቶ ነው በኋላ ሁለቱ የተገናኙት። ስለዚህ በድሮ መጻሕፍት ያለው ምስል አፅሙ የለውም። ሙሉው ሥዕል ቁመቱ 6.67 ሜትር፣ ወርዱ 3.17 ሜትር ነው፤ የያዝሽው ቅጂ ቁመቱ የወርዱን እጥፍ ካላለፈ ተቆርጧል ማለት ነው።