ሮያል ክሬሰንት፦ ፊቱ አንድ፣ ጓሮው ሠላሳ

እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ስላለው ሮያል ክሬሰንት ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን ልመልስ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤተ መንግሥት ነው እንዴ?

አይደለም። በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ 30 መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ከ1767 እስከ 1774 ተሠሩ። ነዳፊው ጆን ዉድ ልጁ ነው፤ አባቱም ጆን ዉድ የሚባል አርክቴክት ነበር።

ጥያቄ፦ 30 ቤት እንዴት አንድ መልክ ያዘ?

ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ዉድ የነደፈው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው። ገዢው ከዚያ ላይ የተወሰነ ርዝመት ይገዛል። ከኋላ ያለውን ቤት ግን በራሱ አርክቴክት፣ እንደ ፍላጎቱና እንደ ኪሱ ያሠራል። ስለዚህ ከፊት 114 ዓምዶች ዝንፍ ሳይሉ ተደርድረዋል። በጓሮ ብትዞሩ ጣሪያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ መስኮቱም አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው። ፊቱን ብቻ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ቱሪስት ግማሹን አላየም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ወርቃማው መልክ ቀለም ነው?

የለም፣ የድንጋዩ የራሱ ነው። በአካባቢው የሚወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ለመጥረብ ይመቻል፤ የከሰል ጭስ ግን ያጠቁረዋል።

ጥያቄ፦ ከቤቶቹ ፊት ያለው ሣር አጥር የለውም። ከብት አይገባም ነበር?

አጥሩማ አለ፤ መሬት ውስጥ ነው! ሣሩን ከታችኛው መስክ የሚለየው ቦይ ነው። በቤቶቹ በኩል ቀጥ ያለ ግንብ፣ በመስኩ በኩል ተዳፋት አለው። ከብቱ ተዳፋቱን ወርዶ ግንቡ ጋ ይቆማል። ከሳሎን መስኮት ለሚያይ ሰው ግን ሣሩና መስኩ አንድ ይመስሉታል። ብልጥ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እዚያ ብኖር የቤቴን በር የፈለግኩትን ቀለም መቀባት እችላለሁ?

የተለመደው ነጭ ነው። በ1970ዎቹ የ22 ቁጥር ባለቤት ቢጫ ቀባችው። የከተማው አስተዳደር ነጭ አድርጊው ሲላት አሻፈረኝ አለች። ተከራክራም አሸነፈች።

ጥያቄ፦ ጃንሆይ እዚያ ኖረዋል የሚባለው እውነት ነው?

ባዝ አዎ፣ ክሬሰንቱ ላይ አይደለም። በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩት ፌርፊልድ ሀውስ ነው። እሱ ግቢ ውስጥ ለብቻው የቆመ ቪላ ነው። በ1958 አረጋውያን እንዲገለገሉበት ለከተማዋ ሰጥተውታል።

ጥያቄ፦ ውስጡን ማየት ይቻላል?

ቁጥር 1 ሙዚየም ነው፣ እሱን እዩ። ምድር ቤት ያለውን ወጥ ቤት እንዳታልፉት። መሃል ላይ ሆቴልም አለ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።